ሠላሳ ሰባት እርምጃ

መስከረም 20 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣ ለችካሌ፣

ጤና ነኝ ብል ታምኚኛለሽ፤ ስለዚህ ጤና ነኝ። አንቺንም በሄድሽበት አገር ብርዱ የማይደፍርሽ፣ አለቃሽ የማይጮኽብሽ፣ እርሳስሽ የማይሰበርብሽ ያድርግልኝ። ጣራው፣ አጥሩ፣ የአጥሩም ዝገት በያሉበት ደኅና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስገደደኝ የሙያሽ ጉዳይ ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ስቀይስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራህ ምን ነበር ሲሉኝ "መሬት እለካ ነበር" እላለሁ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ያንቺ ግን አያልቅም። በቀደም ባለሱቋ፣

"የእኅትህ ልጅ እዚያ ማዶ ምንድን ናት?" አለችኝ።

"ላንድስኬፕ አርክቴክት" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ቤት ትሠራለች በለኛ።"

"የለም። ቤት የሌለበትን ነው የምትሠራው።"

"እሱማ ተሠርቶ ያለ አይደል እንዴ?" ብላ ሳሙናዬን ጠቀለለችልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ "አትክልተኛ ናት በል፣ ምን ያሳፍርሃል" አለኝ። ምላጩን አንገቴ ላይ እንደያዘ ስለነበር አልተከራከርኩትም።

ስለዚህ ናሙና ያስፈልገኛል። ሌላው ሰው ውጭ ላለ ዘመዱ ሲጽፍ ብር ይጠይቃል፤ እኔ የምጠይቅሽ ሥዕል ነው። ግቢያችንን ንደፊልኝ፣ ከመኝታ ቤቴ በር እስከ ውጭው በር ድረስ። አሁን ያለውን ታውቂዋለሽ፦ ያ ቁልቁለት፣ ሁለት የተሰባበሩ ደረጃዎች፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ አፉን የደፋ ባልዲ፣ የቀረው ጭቃ። ሰው ገብቶ አይቶ "አሃ፣ ሙያዋ ይኼ ነው ለካ" እንዲል እፈልጋለሁ።

ልኩን በእርምጃዬ ወስጄዋለሁ፤ አርባ አንድ ነው። እርምጃዬ ሰባ አምስት ሳንቲም መሆኑን ለአንቺ መንገር ነውር ነው። መሥሪያ ቤት የብረቱን ሜትር በኔ እግር ያመሳክሩ እንደነበር ሰምተሽ ነው ያደግሽው።

ገመድ ያዡ እንደ ድሮው ከመንገዱ ማዶ፣ ከበራችን ፊት ለፊት አለ። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ደጁ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዘልኝ ሰው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ሰበቡ አርባ ሳንቲም ነው። የሁለት ወንድማማቾች ወሰን ስንለካ አሥራ አራት ሜትር ከአርባውን "አሥራ አራት" ብሎ ጮኸልኝ። እኔም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። አጥሩ ተሠራ፤ አጥሩ ፈረሰ። በመንገዱ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አጠጋጊ" አልኩት። እሱም "አርባ ሳንቲም ምን ታህልና" አለ። አሁን እኔ ወደ እሱ ልሄድ? እንኳን መንገዱን፣ ግቢውንም አላቋርጥለትም።

ንድፉን ቶሎ ላኪ። ችኮላ የለብኝም፤ ግን ቶሎ።

የእናትሽ ወንድም


ኅዳር 3 ቀን

ክቡር ጋሼ፣

ጤናዎ እንደ እርምጃዎ የማይዛነፍ፣ ምላስዎም እንደ ድሮው የተሳለ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ። ችካልዎ ከተተከለችበት አልተነቃነቀችም፤ ብርዱ ግን እስከ ወገቧ ቀብሯታል።

መልሴ የዘገየው በትልቁ መናፈሻ ምክንያት ነው። ወንዝ ዳር የሚሠራ፣ ቢሮ ውስጥ ሲነሣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት ሥራ ነው። የአንቺ ድርሻ ምንድን ነው ካሉኝ፣ ሰው ለጣፊ ነኝ። አይሳቁብኝ። መናፈሻው ገና ጭቃ ነው፤ ለሚያሠሩት ሰዎች ግን አልቆና ለምልሞ በሥዕል መታየት አለበት፤ ሥዕሉ ደግሞ ሰው ከሌለበት ባድማ ይመስላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሰው መጋዘን አለን። ፊኛ የያዘች ልጅ፣ ውሻቸው የሚጎትታቸው ባልና ሚስት፣ እየሮጠች የማያልባት ሴትዮ። ሁሉም ይስቃሉ። እነዚህኑ ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ ከመናፈሻ ወደ መናፈሻ ሳዘዋውር ኖሬያለሁ፤ ፊኛዋ እስከ ዛሬ አልፈነዳችም።

ባለፈው ሳምንት ግን ፊታቸው ሰለቸኝና የእርስዎን ፎቶ፣ ባርኔጣዎን አድርገው የተነሡትን፣ ቆርጬ ከትልቁ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኩዎት። እንኳን ደስ ያለዎት። አሁን በማያውቁት አገር ወንዝ ዳር አየር እየተቀበሉ ነው።

የግቢውን የመጀመሪያ ንድፍ ከዚህ ጋር ያገኙታል። አርባ አንዱ በሰባ አምስት ሳንቲም ሲባዛ ሠላሳ ሜትር ከሰባ አምስት ሆነ። ከበር እስከ በር የድንጋይ ንጣፍ፣ በግራ በኩል ውሃ መውረጃ ቦይ፣ ደረጃዎቹ ታድሰው፣ ከውጭው በር አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ሰፊ ዛፍ። ዛፉ በአሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጥላ ይሰጣል።

እባክዎ ግን ልኩን በሜትር ይላኩልኝ። በእርምጃ በተለካ መሬት ላይ ፊርማ አይቀመጥም። ይህን ያስተማሩኝ ሰው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሕጉ ግን አልወጣም።

ሰላምታዬን ለዝገቱ ያድርሱልኝ።

ችካልዎ


ኅዳር 28 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

እናትሽ ብትኖር ኖሮ ይህን ሥዕል ግድግዳ ላይ ትሰቅለው ነበር፤ እኔ አልጋዬ አጠገብ ሰክቼዋለሁ። እድሜ ይስጥሽ። ከሰጠሽ በኋላ ደግሞ ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ ዛፉ። ወረቀቱ ላይ ስድስት ሜትር ጥላ ጥሏል። ችግኝ ሻጩ የሰጠኝ ከእርሳሴ ይቀጥናል። "ይኼ ነው ዛፉ?" ብለው "ታገሡ፣ አባት" አለኝ። አንቺም አሥራ አምስት ዓመት ትያለሽ። ሙያሽ ጨዋ ውሸት መሆኑ አሁን ገባኝ፦ ያልበቀለውን ያደገ አድርጋችሁ ትሥላላችሁ፣ ከሥሩም የማይደክመው ሰው ታስቀምጣላችሁ። በአሥራ አምስት ቀን የሚደርስ ነገር የላችሁም? እሺ፣ በሁለት ወር? አበባም ቢሆን ይሁን። እኔ ጥላ ላይ ሙጭጭ አልልም።

ሁለተኛ፣ ደረጃዎቹ ይጥፉልኝ። የተለየ ምክንያት የለኝም፤ ደረጃ መልኩን አልወደውም። ተዳፋት አድርጊው፣ ለስላሳ፣ በአንድ ወገን የእጅ መደገፊያ ያለው። መደገፊያው ለውበት ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ወንበር አይበቃም። ሦስት አድርጊው፣ አንዱም መንገዱ መጀመሪያ አካባቢ ይሁን። እንግዳ ይበዛብኛል።

ሜትሩን በተመለከተ፣ ሜትር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ዜሮውን የምይዝ እኔ አለሁ፤ ወዲያ ማዶ ቁጥሩን የሚያነበው የለም። ዜሮው ላይ ድንጋይ ጭኜ ራሴ ላነብ ሞከርኩ፤ ድንጋዩ ተንሸራተተ። በምስማር ልመታው ጎንበስ አልኩና፣ መጎንበሱስ ቀላል ነበር፤ ቀና ማለቱ ግን ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ሆነብኝና ተውኩት። ስለዚህ እንደገና በእርምጃ ለካሁት። ሃምሳ ሁለት ሆነ።

አዎ፣ አርባ አንድ ብዬሽ ነበር። ግቢው አድጓል። ዝናብ ስለበዛ ይሆናል። የመሬት አዋቂዋ አንቺ ነሽ፤ ምክንያቱን አንቺ ድረሺበት።

ማዶ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ቀለም ቀብቷል። አረንጓዴ። ከመስኮት ነው ያየሁት።

የእናትሽ ወንድም


ጥር 15 ቀን

ክቡር ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ፤ ሳልጽፍ የከረምኩበትን ዕዳ በዚህ ደብዳቤ ርዝመት ይቀበሉኝ።

መጀመሪያ የእርስዎን የመናፈሻ ኑሮ ልንገርዎት። አለቃዬ ሥዕሉን አየና ጣቱን እርስዎ ላይ ጫነ። "ይኼ ሽማግሌ ይነሣ። ቦታውን ያስከፋዋል።" "ሽማግሌ መናፈሻ አይገባም?" አልኩት። "ሲያልቅ ይገባል፤ ሥዕሉ ላይ ግን አይገባም" አለኝ። አንሥቼ ልጥልዎት እጄ እንቢ አለኝ። ከዛፉ ጀርባ ደበቅኩዎት። የሚታየው ጫማዎ ብቻ ነው፤ እንዳይንቀሳቀሱ አደራ።

ወደ ግቢው ስመለስ፣ ሃምሳ ሁለት እርምጃ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር ነው። የጎረቤት መሬት ገዙ እንዴ? ሳይነግሩኝ? ለማንኛውም በሠላሳ ዘጠኝ ነድፌ ጨርሻለሁ፤ ሦስቱን ወንበሮችም

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሳለሁ አቋርጬ ነበር። አራት ቀን ሆነው። መንገዱ ሲረዝም ተዳፋቱ አልመጣልኝ አለና፣ የድሮውን ቁልቁለት ለማስታወስ ሻንጣዬን ገለበጥኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ እናቴ ካለፈች በኋላ በመጀመሪያው ክረምት፣ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ግቢውን የነደፍንበትን ወረቀት አገኘሁት። "አንድ ሳንቲም ማለት አንድ ሜትር ነው" ብለው ስኬል ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ በዚያ ነው። በእጅ ጽሑፍዎ "ከመኝታ ቤት በር እስከ ውጭ በር 27.90" ይላል። ከሥሩ በኔ ጠማማ ጽሑፍ "37 የጋሼ እርምጃ እና የጫማ ጫፍ" ይላል።

ሃያ ሰባት ሜትር ከዘጠናውን ለሃምሳ ሁለት አካፈልኩት። ሃምሳ አራት ሳንቲም እንኳ አልሞላም። ደግሜ አካፈልኩ። ማካፈል ተሳስቼ በሆነ ብዬ የለመንኩት ገና ዛሬ ነው።

ግቢው አላደገም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ምን እንዳመመዎት አልጠይቅዎትም፤ ጠይቄ የሚመልሱልኝን ቀልድ አውቀዋለሁ። ከእንግዲህ ግን በሜትር አልነድፍልዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ፦ ሳያርፉ ስንት እርምጃ ይሄዳሉ? እንግዶችዎን ማለቴ ነው።

ልምጣ? የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም። ሳይወጣ አገሩን ከለቀቅኩ መመለሻ የለኝም፤ ሥራውም ይሄዳል። ሁለት ወር ብለውኛል። ነይ ካሉኝ ግን እመጣለሁ። ይህን ጽፌ ሳነበው፣ እንደሚከለክሉኝ አውቄ የጻፍኩት መሰለኝና አፈርኩ። ቢሆንም አልሰረዝኩትም።

በሌላ ፖስታ ለሌላ ሰው ደብዳቤ ልኬያለሁ። እርስዎን አይመለከትም።

ችካልዎ


የካቲት 19 ቀን

ለዚያች ለማትታመነው ችካል፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ባይገባሽም።

ማክሰኞ ጠዋት የውጭው በር ተንኳኳ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።"

"ሜትር ይዣለሁ።"

"የመሥሪያ ቤቱን ሰርቀህ ነው የወጣኸው?"

"የራሴ ነው። ሃምሳ ሜትር። ልጅቷ በደብዳቤ አዝዛኛለች፤ ያለ ሁለት ሰው ልኬት ፕላኑ አይጸድቅም ብላለች።"

"በሩ አልተቆለፈም። ጫማህን ጠርገህ ግባ።"

የስምንት ዓመቱ ነገር በዚህ ተከፈተ። አልተዘጋም፤ ተከፈተ ነው ያልኩት። ሰውዬው አርጅቷል። እሱም እኔን ከራስ እስከ እግር በዐይኑ ለካኝ። ዜሮውን ሰጠኝ፤ ዜሮው ሁልጊዜ የኔ ነበር። በሩን ተደግፌ ያዝኩ። እሱ ሜትሩን እየዘረጋ ቁልቁለቱን ወረደ።

"ሃያ ሰባት ከዘጠና" ብሎ ጮኸ።

"ከዘጠና ምን?"

"ከዘጠና ዜሮ።"

"ሃያ ስምንት ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?"

"አንተን ሃያ ስምንት ብዬ የት አገር ልገባ?" አለኝ፣ እየጠቀለለ። እንዳልስቅ ጥርሴን ነከስኩ።

ልኬቱን እንደማትፈልጊው አውቃለሁ። የቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ አለልሽ። ተንኮልሽ ከኔ የተማርሽው ስለሆነ ምን ልበልሽ።

ለጠየቅሽው መልስ፣ እንግዶቼ ሳያርፉ ከሠላሳ እርምጃ አያልፉም። ግቢው ዛሬ ሰባ አራት ሆኗል።

አሁን ቁም ነገሩን ስሚኝ። ሰውዬው በየቀኑ ይመጣል፤ ውሃ ይቀዳል፣ ፍራሽ ያገላብጣል፣ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔም አልተነፍስም። "አጠጋጊ" ያልኩት መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ፊት። የማነሣውም መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት ነው። አልጋ ላይ ሆኖ የተባለ ይቅርታ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? ጠዋት ባለሱቋም፣ ፀጉር አስተካካዩም በዚያ ያልፋሉ። ከውጭው በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጠርቼው፣ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ምን እንደምል አዘጋጅቻለሁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። "በወንበር አድርጌ ልሸከምህና ንፋስ ተቀበል" ብሎኝ ነበር፣ ምን እንደማስብ ሳያውቅ። እሱ ተሸክሞኝ ሄጄ እሱኑ ይቅርታ ልለው? እምቢ አልኩ። በእግሬ ነው።

ሙያሽ ምን እንደሆነ አሁን ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ። ሽማግሌ ከአልጋው እስከ በሩ እንዲደርስ ታደርጋለች እላለሁ። ስለዚህ አድርሺኝ።

መምጣቱን ተዪው። ወረቀትሽን ያዢ። ችግኙን ተክዬዋለሁ፣ ማለት አስተክዬዋለሁ። ያደገ ጊዜ መጥተሽ ከጥላው ሥር ትቀመጫለሽ።

የእናትሽ ወንድም


መጋቢት 11 ቀን

ክቡር ጋሼ፣

ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

የመጨረሻው ፕላን ይኸውልዎት። በብዙ ሙያተኛ ፊት የሚቀርብ ቢሆን አንድ ገጽ ማብራሪያ ይኖረው ነበር፤ ለእርስዎ በአጭሩ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ወንበር ከመኝታ ቤትዎ በር ዘጠኝ ሜትር ከሠላሳ ላይ ነው። ሁለተኛው አሥራ ስምንት ሜትር ከሃምሳ ላይ። ሦስተኛው ራሱ የውጭው በር ዘንድ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። ወንበሮቹ ከተለመደው ከፍ ያሉ ናቸው፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለመነሣት ይቸገራል። የእጅ መያዣ በሁለቱም ጎን አላቸው። ደረጃ የለም። መደገፊያው አንድም ቦታ አይቋረጥም፤ እጅዎን ከበሩ ላይ ሲያነሡ እሱን ይይዛሉ፣ እሱን ሲለቁ የውጭውን በር ይይዛሉ። ንጣፉ ሻካራ ይሁን፣ ግንበኛው አሳምራለሁ ብሎ እንዳያለሰልሰው። በመንገዱ ዳር በስድስት ሳምንት የሚያብብ ዘር ልኬያለሁ። ቀለሙን አልመረጥኩም፤ ፈጥኖ የሚደርሰውን ነው የመረጥኩት።

ሥዕሉ ላይ በሦስተኛው ወንበር አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ይነሡ የሚል አለቃ በዚህ ፕላን ላይ የለም።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ጫማዎ ተገኘ። ትልቅ ስብሰባ ላይ አንዱ ሰውዬ "ከዛፉ ጀርባ ያለው ማነው? ሬሳ ነው እንዴ?" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ከትልቁ መናፈሻ ወጥቼ የመኪና ማቆሚያ እነድፋለሁ። ስምንት መኪና፣ አንድ ዛፍ፤ ስምንት መኪና፣ አንድ ዛፍ። ዛፎቹም በሦስተኛው ዓመት ይደርቃሉ፣ ሥር መስደጃ ስለማይተዉላቸው። ለባለሱቋ አትክልተኛ ናት ቢሏት ከእንግዲህ ማጋነን ነው።

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የማን እግር እንደሚረግጠው አውቄ የነደፍኩት መንገድ ይኼ የእርስዎ ብቻ ነው።

ወረቀቱ አልወጣም። አንድ ወር ጨምረዋል።

ችካልዎ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለእኅቴ ልጅ፣

ጽሑፉ ተለወጠ ብለሽ አትደንግጪ። እጄ እረፍት ስለጠየቀ እኔ እየተናገርኩ ገመድ ያዡ ነው የሚጽፈው። የተናገርኩትን እንዳያሳጥር ዐይኔን አልነቅልበትም። አሁን "ዐይኔን አልነቅልበትም" የሚለውን መጻፉን አይቻለሁ።

ወንበሮቹ ተተክለዋል። እሱ ራሱ ነው ከግንበኛው ጋር የተከላቸው። ሁለተኛውን በአራት ሳንቲም አሳልፎት ነበር፤ አስነቀልኩት። ያንገበገበው መሰለኝ፤ ግን ነቀለው። አበባው ቡቃያ አውጥቷል።

ትናንት መጀመሪያው ወንበር ደረስኩ። ተቀመጥኩ፣ ተመለስኩ። እርምጃ ቆጠራውን ትቼዋለሁ፤ ከመቶ አለፈና ሰለቸኝ። ገመድ ያዡ ግቢው መቶ አሥራ አንድ ይሆናል እያለ ነው። ይሆናል የሚባል ቁጥር የለም ብዬዋለሁ።

ባለሱቋ መጥታ አየች። መደገፊያውን ይዛ ወጣች፣ ወረደች፣ ሦስቱም ላይ ተቀመጠች። "ይኼን ነው የተማረችው?" አለችኝ። "አዎ።" "ለእናቴም ትሥራላት" አለችና ሄደች። ሙያሽ እዚህ ሰፈር ታውቋል ማለት ነው።

የእናትሽ ወንድም፣ በሌላ ሰው እጅ


ግንቦት 6 ቀን

ጋሼ፣

ምርቃቱን ስመጣ በቃሌ አደርስልዎታለሁ። ወረቀቱ ወጣ። የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሰኔ 3 እደርሳለሁ። ይህ ደብዳቤ ቀድሞኝ ይድረስ ብዬ እያሮጥኩ ነው የጻፍኩት።

አንድ ወር ሙሉ አልጻፉልኝም። መንገዱን ሲለማመዱ ጊዜ አጥተው ነው ብያለሁ። ለራሴ ነው ያልኩት።

ሰኔ 3 ጠዋት በሦስተኛው ወንበር ላይ ይጠብቁኝ። ሜትር ይዤ እመጣለሁ፤ ሦስት ሆነን እንለካዋለን።

ችካልዎ


ግንቦት 19 ቀን

ለእህት፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እንደ እሱ አሳምሬ መጻፍ አላውቅም፤ የማውቀው ቁጥር መጥራት ነው። ደብዳቤሽ ከደረሰ ሦስት ቀኑ ነው። ለእሱ የተጻፈ ስለሆነ ልክፈተው አልክፈተው ስል ቆየሁ። ዛሬ ከፍቼ ሰኔ 3 የሚለውን አነበብኩ። ቀድሜ አለመጻፌን ይቅር በይኝ። በየቀኑ ወረቀት አወጣለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ።

ሚያዝያ 27 ጠዋት ተነሥቶ ባርኔጣውን አምጣ አለኝ። ሸሚዝም አስለወጠኝ። "የት ነው?" ብለው "ሥራ አለኝ" አለ። መደገፊያውን ይዞ ወጣ። ልደግፈው ስጠጋ በክርኑ ገፋኝ። መጀመሪያው ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጠ። አበባው ያን ሳምንት ነበር የፈነዳው፤ ቢጫ ሆነ። "ይቺ ልጅ ቀለም አትመርጥም" አለ። ደግሞ ተነሣ። ሁለተኛው ወንበር ላይ ደረሰ። እዚያ መድረሱ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወንበሮቹ ከተተከሉ ወዲህ ደርሶበት አያውቅም።

መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ባለሱቋ ሱቋን እየከፈተች ነበር። እሱም ወደ እሷ፣ ወደኔም ወንበር ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እንደሚያጠና ሰው።

"ስንት ቀረኝ?" አለኝ።

"ትንሽ ናት" አልኩት።

ተቆጣ። "ትንሽ ቁጥር ነው እንዴ? ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ሰማህ? ሜትርህን አምጣ።"

ሜትሩ ቤቴ ነበር። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ። ከመሳቢያ አውጥቼ ተመለስኩ፤ ቶሎ ነው የተመለስኩት፣ ባለሱቋ ምስክሬ ናት። ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ ነበር፣ አንድ እጁ በወንበሩ መያዣ ላይ፣ ፊቱ ወደ በሩ። ጠራሁት። ሁለቴ ጠራሁት።

ምን ሊናገር እንደነበር ላንቺ ጽፎልሽ እንደሆነ አላውቅም። ለኔ አልነገረኝም። እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ጠይቄው ግን አላውቅም። ሰዎች መጥተው ሲያነሡት፣ ባለሱቋ እያለቀሰች "ደርሶ ነበር እኮ፣ እንደደረሰ ነው የሚቆጠረው" አለችኝ። ሌላውም ሰው እንደዚያ አለኝ። አንቺም ስትመጪ እንደዚያ የሚሉሽ አይጠፉም።

እኔ ግን ከማንሣታቸው በፊት ያዘዘኝን ፈጽሜያለሁ። ዜሮውን ከእጁ ሥር፣ መያዣው ላይ አስያዝኩት። ሜትሩን እየዘረጋሁ ወረድኩ፤ በሩ ዘንድ ቆሜ እንደ ድሮው ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ዘጠኝ ሜትር ከአርባ ይቀረው ነበር። አላጠጋጋሁትም።

ገመድ ያዡ